ከግድግዳው 1 ሜትር

አጎት የቤት ዕቃ ይሠራል። የእህቱ ልጅ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምራ በቀረጻ ስቱዲዮ ውስጥ ትሠራለች። አጎት በአሁኑ ጊዜ ለሳሎኑ፣ ለፊልም ማያ የሚሆኑ ሳጥን የሌላቸው ስፒከሮች እየሠራ ነው።

አጎት፦ እንግዲህ ሰሌዳዎቹ አልቀዋል። ቁመታቸው 1 ሜትር ከ20፣ ወርዳቸው 60 ሳንቲም፣ ኮምፔርሳቶው ድርብ ነው። ሳጥን የለ፣ ጀርባ የለ። ስፒከሮቹ ከፊት በብሎን ታስረዋል፤ ከኋላ ማግኔታቸው እንደተገለጠ ነው። አክስትሽ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ፣ ግድግዳው ጋ አስጠግተህ አቁምልኝ ብላለች።

የእህት ልጅ፦ ምን ያህል ሊያስጠጓቸው ነው?

አጎት፦ ገመዱ እንዲያልፍ፣ መጥረጊያም እንዲገባ 30 ሳንቲም እለቃለሁ።

የእህት ልጅ፦ ጋሼ፣ በ30 ሳንቲም ከሆነ ሳጥን ቢሠሩላቸው ይሻል ነበር።

አጎት፦ ሳጥን መሥራት አቅቶኝ መሰለሽ? ዕድሜዬን ሙሉ ሳጥን ስገጥም ነው የኖርኩት። የሳጥን ስፒከር ስሰማ ድምፁ ሆዱ ውስጥ ሲያጉረመርም ይታወቀኛል። እንጨቱ አብሮ ይዘፍናል። ይሄኛው ግን ባለፈው ሱቁ መሐል አቁሜ ስሞክረው ዘፋኙ ከሰሌዳው ኋላ ያለ ሰፊ ቦታ ላይ የቆመ ነው የሚመስለው። እንጨት እንጨት አይልም።

የእህት ልጅ፦ እሱን አልክድም፤ ትክክል ሰምተዋል። ሳጥን ውስጥ የታሰረው የጀርባ ድምፅ ግድግዳዎቹን ያነቃንቃል፣ ከፊሉም ተመልሶ በስፒከሩ ወረቀት በኩል ሾልኮ ይወጣል። ክፍት ሲሆን ይሄ ሁሉ የለም። ግን «ሱቁ መሐል» ያሉትን ልብ ይበሉ። ከኋላው ምን ያህል ባዶ ቦታ ነበረው?

አጎት፦ 3 ሜትር ይሆናል። በኋላ በኩል እንጨት ነው የተደረደረው።

የእህት ልጅ፦ የወደዱት ድምፅ ግማሹ እሱ ነው። ወረቀቱ ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለውን አየር ያምቃል፤ በዚያው ቅጽበት ከኋላው ያለውን ያሳሳል። ስለዚህ እኩል ጉልበት ያላቸው፣ ግን ተቃራኒ የሆኑ ሁለት ድምፆች ይወጣሉ። ሳጥን የኋላውን ያስረዋል። እርስዎ ለቀቁት። የተለቀቀው ድምፅ የት ይሄዳል ነው ጥያቄው።

አጎት፦ ወደ ኋላ ነዋ።

የእህት ልጅ፦ ወደ ኋላም ይሄዳል፣ በጠርዙም ዞሮ ወደ ፊት ይመጣል። ትሬብሉ አጭር ሞገድ ስለሆነ ሰሌዳው ይጋርደዋል። ቤዙ ግን ረጅም ነው፤ የ50 ኸርዝ ሞገድ ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። 60 ሳንቲም ወርድ ያለው ሰሌዳ ለሱ ምኑም አይደለም። ዞሮ ይመጣና ከፊተኛው ጋር ይጣፋል። በእርስዎ ሰሌዳ ልክ ከ190 ኸርዝ ግድም ጀምሮ ወደ ታች፣ ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይወርዳል። ይሄ ገና ግድግዳውን ሳናነሳ ነው።

አጎት፦ እሱንስ አውቀዋለሁ። ሱቁ ውስጥ ከሰሌዳው ጎን፣ በጠርዙ አቅጣጫ ስቆም ቤዙ ድራሹ ይጠፋል። መጀመሪያ ስፒከሩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

የእህት ልጅ፦ ጎኑ ባዶ ነው፤ የፊቱና የኋላው እኩል ርቀት ሄደው እዚያ ይጣፋሉ። ከላይ ቢያዩት የድምፁ ቅርፅ የ8 ቁጥር ነው፤ አንዱ ጆሮ ወደ ፊት፣ አንዱ ጆሮ ወደ ኋላ። አሁን የኋለኛውን ጆሮ ከግድግዳ ጋር እናጋጨው። ግድግዳ ድምፅን ሲመልስ አይገለብጠውም፤ ተገልብጦ የሄደው እንደተገለበጠ ይመለሳል። 30 ሄዶ 30 ሲመለስ 60 ሳንቲም ነው። ለ7 ሜትር ሞገድ 60 ሳንቲም መዘግየት ማለት አልዘገየም ማለት ነው። ስለዚህ የተገለበጠው ድምፅ ከፊተኛው ላይ ይደርስና የተረፈውን ቤዝ ይበላዋል። ስፒከሩ በአንድ እጁ የሰጠውን ግድግዳው በሌላው ይቀበልዎታል።

አጎት፦ እንዴ! ግድግዳ እኮ ቤዝ ይጨምራል ነው የሚባለው። ማንኛውንም ስፒከር ጥግ ወስደሽ ብታስቀምጪው ይጎርናል።

የእህት ልጅ፦ ባለ ሳጥኑ ነዋ! የሱ ድምፅ ዞሮ ግድግዳ ሲመታ ያልተገለበጠ ነው፤ ስለዚህ በቤዙ በኩል ይደመራል፣ እስከ 6 ዴሲቤልም ይጨምራል። የእርስዎ ግን በተቃራኒው ነው። ለሳጥኑ ወዳጅ የሆነው ግድግዳ ለክፍቱ ጠላት ነው የምልዎ ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ይሄን ስለማያውቅ ክፍቱን ስፒከር ገዝቶ ወይም ሠርቶ፣ ቤዝ ሲጠፋበት ይባስ ብሎ ወደ ግድግዳው ያስጠጋዋል።

አጎት፦ ቆይ። አባቴ ቤት የነበረው ትልቁ የመብራት ሬዲዮ ትዝ ይልሻል? ትዝ ሊልሽ አይችልም፣ አልተወለድሽም። ጀርባው የተበሳሳ ካርቶን ነበር፣ ክፍት ማለት ነው። ከግድግዳ ተጠግቶ መደርደሪያ ላይ ነው ዕድሜውን የጨረሰው፤ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ሲሰማው ማንም ድምፁ ጎደለ አላለም።

የእህት ልጅ፦ ከዚያ ሬዲዮ 40 ኸርዝ የጠበቀ ማን ነበር? ዜናና ዘፈን ነው የሚሰማበት። የጊታር ማጉያውንም ይጨምሩበት፤ ብዙዎቹ ጀርባቸው ክፍት ነው፤ ለጊታር ይበቃል፤ የጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር 82 ኸርዝ ነው፤ ከዚያ በታች የሚፈለግ ነገር የለም። ፊልም ግን ሌላ ነው። በሲኒማው ልክ ከተቀናበረ ዋናዎቹ ስፒከሮች እያንዳንዳቸው እስከ 105 ዴሲቤል፣ ለቤዝ ብቻ የተለየው ትራክ ደግሞ እስከ 115 ዴሲቤል እንዲደርሱ ነው የሚጠበቀው። ሳሎን ውስጥ ያን ያህል ባንከፍተውም ፍንዳታው፣ ነጎድጓዱ፣ የሄሊኮፕተሩ ድምፅ እዚያው ታች ነው ያለው።

አጎት፦ እሺ፣ ታዲያ ጉልበት ያለው አምፕሊፋየር አደርግበታለሁ። አሁን የሚሸጡት ማይክ ይዘው ክፍሉን ራሳቸው ለክተው የጎደለውን ይሞላሉ አይደል?

የእህት ልጅ፦ የጎደለው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቀስ እያለ የሚወርደው ቤዝ ነው፤ እሱ በኢኳላይዘር ይሞላል፣ ዋጋው ግን ይወደዳል። ባለ ሳጥን ስፒከር ድምፁን ሳይቀንስ ድግግሞሹን በግማሽ ለማውረድ ወረቀቱ 4 እጥፍ መወዛወዝ አለበት። ክፍት ሰሌዳ 8 እጥፍ። ክፍት ሰሌዳ ከግድግዳ ሲጠጋ ደግሞ 16 እጥፍ። ወረቀቱ የሚሄድበት ርቀት በሚሊሜትር የሚቆጠር ነው፤ አምፕሊፋየሩ ቢችል እንኳ ስፒከሩ አይችልም፣ ጥቅል ሽቦው ከማግኔቱ ይላተማል።

አጎት፦ ሁለተኛውስ?

የእህት ልጅ፦ ሁለተኛው ጉድጓድ ነው፤ እሱ በምንም አይሞላም። የተመለሰው ድምፅ የዘገየው ልክ በአንድ ሙሉ ሞገድ ከሆነ፣ ተገልብጦ ስለመጣ ከፊተኛው ጋር ይጣፋል። ለ30 ሳንቲም ይሄ 570 ኸርዝ ግድም ላይ ይውላል። ኢኳላይዘሩ እዚያ ላይ ከፍ ቢያደርግልዎ የፊተኛውንም የሚመለሰውንም እኩል ነው ከፍ የሚያደርገው፤ አሁንም ይጣፋሉ። 570 ኸርዝ ደግሞ የሰው ድምፅ መሐል ነው፤ «አ» እና «ኦ» የሚለዩበት አካባቢ። ፊልም ስናይ ከምንም በላይ የምንፈልገው የሚነጋገሩትን መስማት አይደል?

አጎት፦ 1 ሜትር ባደርገውስ? ጉድጓዱ ይጠፋል?

የእህት ልጅ፦ አይጠፋም፤ ቦታ ይቀይራል፣ ጥልቀቱም ይቀንሳል። በ1 ሜትር ጉድጓዱ 170 ኸርዝ ግድም ይወርዳል። ጥልቀቱን ደግሞ ያስሉት፤ እርስዎ ከስፒከሩ 3 ሜትር ርቀው ከተቀመጡ፣ በ30 ሳንቲሙ የሚመለሰው ድምፅ 3 ሜትር ከ60 ነው የሚጓዘው፣ ከቀጥተኛው ብዙም አይደክምም። ስለዚህ ሊያጠፋው ምንም አይቀረውም፤ 15 ዴሲቤል የሚሆን ጉድጓድ ይቆፍራል። በ1 ሜትሩ ግን 5 ሜትር ተጉዞ ደክሞ ነው የሚደርሰው፤ ጉድጓዱ 8 ዴሲቤል ያህል ብቻ ይሆናል። በዚያ ላይ 86 ኸርዝ አካባቢ ጭራሽ ይደመርልዎታል። ቤዙን መብላት የሚጀምረው ከ30 ኸርዝ በታች ነው፤ በ30 ሳንቲሙ ግን ገና ከ95 ኸርዝ ጀምሮ ነበር የሚበላው።

አጎት፦ 1 ሜትር ሕግ ነው ወይስ አንቺ ያወጣሽው?

የእህት ልጅ፦ ሕግ እንኳ አይደለም። ሲግፍሪድ ሊንክዊትዝ የሚባል ጀርመን ተወላጅ መሐንዲስ ነበር፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሂውሌት ፓካርድ የሠራ፣ በፈረንጆች 2018 ያረፈ። በፈረንጆች 1976 ከባልደረባው ከራስ ራይሊ ጋር የሠሩት፣ ድምፁን ለቤዝና ለትሬብል ስፒከር የሚያካፍል ክሮስኦቨር ዛሬም ስማቸውን ይዞ በየስፒከሩ ውስጥ አለ። በኋላ ዘመኑን በክፍት ስፒከር ላይ ነው ያሳለፈው፤ ኦሪየን፣ ኤልኤክስ 521 የሚባሉትን ሠርቷል። ከግድግዳ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ ይል የነበረው እሱ ነው። ምክንያቱ ጆሮ ነው። 2 ሜትር ተጨማሪ መንገድ የሰከንድ 6 ሺኛ ያህል ይወስዳል። በዚህ ያህል የዘገየ ድምፅ ሲደርስ ጆሯችን ከመጀመሪያው ለይቶ የክፍሉ ድምፅ አድርጎ ይይዘዋል፤ ዘፋኙ ከሰሌዳው ኋላ ሰፊ ቦታ ላይ የቆመ ይመስላል ያሉት ይሄ ነው። በ30 ሳንቲም ግን መዘግየቱ 2 ሺኛ እንኳ አይሞላም። ከፊተኛው ጋር ይቀላቀልና ቃናውን ያበላሻል፤ ስፋት የሚሉት ነገር አይኖርም። እርስዎ ሳጥን የጠሉበትን ምክንያት ግድግዳው መልሶ ያመጣብዎታል።

አጎት፦ መጋረጃ ብሰቅልበትስ? ወፍራም ቬሉቶ አለኝ፤ ወይ ስፖንጅ እለጥፋለሁ።

የእህት ልጅ፦ ልክ ግድግዳው ላይ አየሩ አይንቀሳቀስም፤ መጋረጃና ስፖንጅ ድምፅ የሚይዙት ደግሞ አየሩ በውስጣቸው ሲመላለስ ነው። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ቀጭን ነገር ትሬብሉን ብቻ ይበላል፣ ሌላው እንዳለ ይመለሳል። 10 ሳንቲም ውፍረት ያለው ፋይበር ግላስ ቢያደርጉ የ570ውን ጉድጓድ በደንብ ይሞላልዎታል። ቤዙን ግን አያድነውም። ደግሞ የኋላውን ድምፅ በሙሉ ካፈኑት ክፍት ማድረጉ ምን ጥቅም አለው? ከሳጥኑ ተገላግለው ግድግዳውን ሳጥን አደረጉት ማለት ነው። እኔ ብሆን ከማፈን ይልቅ መበተን እመርጣለሁ፤ መጽሐፍ እንደነገሩ የተደረደረበት መደርደሪያ ከኋላው ቢኖር መጥፎ አይደለም።

አጎት፦ መደርደሪያ እንኳ ከኔ አይጠፋም።

የእህት ልጅ፦ አንድ ደስ የሚል ነገርም አለ። የጎን ግድግዳውን ብዙም አይፍሩት። ጎኑ ባዶ ነው ብለን የለ? ሰሌዳውን ወደ ጎን ግድግዳ ማስጠጋት ይችላሉ፤ ባለ ሳጥኑን እንደዚያ ቢያስጠጉት ኖሮ ነጸብራቁ ያስቸግርዎ ነበር። ለጠባብ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ወርድ ይቆጥብልዎታል፤ የሚጠይቅዎ ርዝመት ነው።

አጎት፦ እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በሰው ሳሎን፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ትንንሽ ስፒከሮች አይቻለሁ። ሻጩ ዳይፖል ነው ብሎኛል። ዳይፖል ማለት የኔው ዓይነት አይደል? እነሱስ እንዴት ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይሠራሉ?

የእህት ልጅ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው! እነሱ የተሰቀሉት በጎን ግድግዳ ላይ፣ ከአድማጩ ግራና ቀኝ ነው። ቶምሊንሰን ሆልማን በሉካስ ፊልም ሳለ የሠራው ቲኤችኤክስ የተባለው የድምፅ ደረጃ በፈረንጆች 1983 በሲኒማ ቤት ተጀምሮ በኋላ ወደ ቤት ሲገባ ያመጣው አሠራር ነው። አንዱ ስፒከር ወደ ክፍሉ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ፣ ግድግዳውን ተከትለው ይተፋሉ፤ ባዶው ጎን አድማጩን ያያል። ሆን ተብሎ ነው፤ ዝናቡና የሕዝቡ ጫጫታ ከየት እንደመጣ እንዳይታወቅ። ከግድግዳው ጋር ያላቸው ነገርም የተለየ ነው። ድምፁ ወደ ግድግዳው የሚተፋ ሲሆን ግድግዳው ያጠፋዋል። ግድግዳውን ተከትሎ የሚሄድ ሲሆን ግን ይደግፈዋል። ጠላትነቱ በርቀት ብቻ ሳይሆን በአቅጣጫም ነው።

አጎት፦ አሃ! ታዲያ ሰሌዳውን በማጠፊያ ግድግዳው ላይ ብሰቅለውስ? እንደ ቁም ሳጥን በር። ፊልም ሲኖር ይከፈታል፣ ሲያልቅ ይዘጋል። አክስትሽም ደስ ይላታል።

የእህት ልጅ፦ ብልህ ሐሳብ ነው፤ ግን ግማሽ መፍትሔ ነው። ሙሉ በሙሉ ቢከፍቱት ባዶው ጎን ወደ እርስዎ ይዞርና ፊልሙን አይሰሙትም። 45 ዲግሪ ላይ ቢያቆሙት ለእርስዎ የሚደርሰው 3 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ የኋላው ድምፅ ግን ግድግዳውን በሰያፍ መትቶ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ቀጥታ ወደ ሶፋው አይመለስም። ከ30 ሳንቲሙ በጣም ይሻላል። ከ1 ሜትሩ አይሻልም።

አጎት፦ ስለዚህ ምን አድርግ ነው የምትይኝ? በአጭሩ።

የእህት ልጅ፦ ሳሎንዎ 5 ሜትር ርዝመት አለው። ስፒከሮቹ 1 ሜትር ይውጡ፣ ሶፋው ከነሱ 3 ሜትር ይራቅ፣ ከሶፋው ኋላ 1 ሜትር ይተርፋል። የሚቆሙበት እግር ላይ ጎማ ይግጠሙ። በአዘቦቱ ቀን ግድግዳው ጋ ይቀመጡ፣ ፊልም ሲኖር ይጎተቱ።

አጎት፦ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ መቆም አለባቸው?

የእህት ልጅ፦ ወለሉ ላይ ምልክት ያድርጉበት። 10 ሳንቲም ወዲያና ወዲህ ሲል ጉድጓዱ አብሮ ይሄዳል። ከ80 ወይ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ደግሞ ከነጭራሹ ከነሱ ይውሰዱባቸው። አንድ ዝግ ሳጥን ሳብዉፈር ይሥሩና ጥግ ላይ ያስቀምጡት፤ ለሱ ጥጉ ወዳጁ ነው። ሳሎንዎ ራሱ መጀመሪያ የሚያስተጋባው 34 ኸርዝ ላይ ነው፤ ከዚያ በታች ክፍሉ እንደ ተነፋ ኳስ ነው የሚታመቀው፣ አየር የሚያምቅ ደግሞ ሳጥን ብቻ ነው። ክፍት ሰሌዳ እዚያ ምንም አይፈይድም።

አጎት፦ ያው ሳጥን አሠራሽኝ።

የእህት ልጅ፦ ሁለት። የመሐሉም ሳጥን ነው።

አጎት፦ የመሐሉ የቱ ነው ደግሞ?

የእህት ልጅ፦ ንግግሩ የሚመጣበት፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለው። ሳሎን መሐል 1 ሜትር አውጥተው ሊያቆሙት አይችሉም፣ ማያውን ይጋርዳል። ክፍት ሰሌዳ አድርገው ቡፌው ላይ ቢያቆሙት ደግሞ ከግድግዳም ከቡፌም ጋር ሊጣላ ነው። ስለዚህ ዝግ ሳጥን ይሁን፤ እርስዎ እኮ ቡፌውን ራሱን ነው የሚሠሩት፣ ፊቱ ከቡፌው ፊት ጋር እኩል ሆኖ ይግባበት። ይሄን ፋብሪካ አይሠራልዎትም።

አጎት፦ መኪና ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ መሐል ላይ ድምፁ አይቀየርም? ግራና ቀኙ ክፍት፣ መሐሉ ዝግ።

የእህት ልጅ፦ ትንሽ ይቀየራል። አንድ ዓይነት ስፒከር ከተጠቀሙ ይቀንሳል፣ ጨርሶ ግን አይጠፋም። እኔ የመኪናውን ቃና ከፍዬ የሰዎቹን ንግግር እገዛለሁ። ይሄን የማይቀበሉ ሰዎች አሉ፤ ሦስቱንም ክፍት ያደርጉና ማያውን ወደ ላይ ይሰቅሉታል። ቦታ ያላቸው ናቸው።

አጎት፦ ቦታ የሌለው፣ ጎማም የማይገጥም፣ ሚስቱ ወለሉ ላይ ምልክት አታድርግ ያለችውስ?

የእህት ልጅ፦ እሱ ሳጥን ይሥራ፣ ግድግዳውን ያስደግፍ፣ በደንብም ይሰማ። ክፍት ስፒከር ከግድግዳ 30 ሳንቲም ላይ ሲቆም፣ ከተራ ሳጥን የሚያንስ ነገር ነው። በፈረንጆች 1957 ኳድ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ጠፍጣፋውን ኤሌክትሮስታቲክ ስፒከር ሲያወጣም፣ አሜሪካኖቹ ማግኔፓን ከ1969 ጀምሮ ሲሠሩም ችግሩ ይሄው ነው፤ ሁሉም ጀርባቸው ክፍት ነው። ቀጭን ስለሆኑ ብቻ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉ ይመስላሉ፤ ገዢው እንደ ሥዕል ያስጠጋቸዋል፣ ከዚያ ቤዝ የላቸውም ብሎ ያማቸዋል።

አጎት፦ አሁን የነገርሽኝን ሁሉ በጆሮዬ ሳልሰማ አላምንም።

የእህት ልጅ፦ አይመኑኝ። ቅዳሜ ማይክና ላፕቶፕ ይዤ እመጣለሁ። ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ከታች እስከ ላይ የሚያፏጭ ድምፅ ይልክና ክፍሉ ምን እንደመለሰ በመስመር ይስላል። ሰሌዳውን 30 ላይ እንለካለን፣ 60 ላይ፣ 1 ሜትር ላይ። ጉድጓዱ ወደ ግራ ሲሄድ በዓይንዎ ያያሉ። እስከዚያ ግን ቫርኒሽ እንዳይቀቡት፤ እግሩን ምናልባት መቀየር ይኖርብናል።

አጎት፦ ትናንት ቀባሁት እኮ።

የእህት ልጅ፦ እሺ፣ ጎማው ከሥር ነው የሚገባው። ከመግዛትዎ በፊት ግን ሰሌዳውን ይመዝኑት፤ ከነማግኔቱ ከባድ ነው፣ ትንሹ ጎማ አይሸከመውም። ሁለቱ ጎማ ደግሞ መቆለፊያ ይኑራቸው።